የረጋ ደም ተብሎ የሚጣለው

በወለጋ ከተሞች፣ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከአይራ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ በቀዶ ሕክምና ከሰው አካል የሚወጣው ሁሉ ወደ ምርመራ አይላክም። የሚላከውንና የሚጣለውን የሚለየው ብዙ ጊዜ ዓይን ነው። ይህ ምልልስ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስንና አንድ ፓቶሎጂስትን (ከሰው አካል የወጣን ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ያነጋግራል። ተናጋሪዎቹ ለምልልሱ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚነጋገሩበት ነገር ግን የእውነት ነው።

ሲስተር፦ ዶክተር፣ ከጉልበት ጀርባ ያበጠ ደም ቅዳ ተከፍቶ በውስጡ የተጠራቀመው የረጋ ደም ሲወጣ፣ እኛ ዘንድ መድረሻው ባልዲ ነው። ቧንቧው ተጠግኗል፣ እግሩ ሞቋል፣ የቁርጭምጭሚቱ ትርታ ተመልሷል፤ ሥራው አልቋል እንላለን። እርስዎ ግን ያንኑ የረጋ ደም በፎርማሊን አድርጋችሁ ላኩት ይላሉ። ምን ሊገኝበት ነው?

ዶክተር፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝበት የረጋ ደም ብቻ ነው፤ ይህን ከወዲሁ ልንገርዎት፣ ኋላ ያጋነንኩ እንዳይመስልዎት። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ግን ከቧንቧው እንጀምር። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም በግፊት ይዞ የሚሄድ ቧንቧ ነው። ግድግዳው በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በኢንፌክሽን ወይም በሌላ ምክንያት ሲደክም ይለጠጥና ይነፋል፤ አኑሪዝም የምንለው ይህን ነው። ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት ይጨምራል፣ ስለዚህም ይበልጥ ይሰፋል። ደሙ በበኩሉ መሐል መሐሉን እየፈጠነ ሲያልፍ በሰፋው ክፍል ጥግ ጥግ ላይ ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ደም ግድግዳው ላይ ንብርብር እየሠራ ይቀመጣል፤ ከዚያ እየተቆረሰ ወደ ታች ሲሄድ የእግር ጣቶችን ያጠቁራል፣ ወይም ቧንቧውን ደፍኖ እግርን ለአደጋ ይጥላል። ይህን እናንተም በየጊዜው ታዩታላችሁ። የማይታየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የቧንቧውን ውስጥ የሚያለብሱት ስስ ሕዋሳት ሐረግ የወደቀ ግንድ ላይ እንደሚወጣ በረጋው ደም ላይ ይወጣሉ፤ ሰርስረው ይገባሉ፣ ቀስ በቀስም ወደ ጠባሳ ይለውጡታል። የተለመደው ፈውስ ይህ ነው። አንዳንዴ ግን ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ይባዙና ጫፍ ጫፋቸው ጣት የሚመስል፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቡቃያዎች ይሠራሉ። ያኔ የረጋ ደም የመሰለን ነገር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እጢ ይመስላል። ማሶን እጢ ይባላል።

ሲስተር፦ ማሶን ያገኘው ሰው ስም ነው?

ዶክተር፦ አዎ፣ ፒየር ማሶን የሚባል ፈረንሳዊ ፓቶሎጂስት ነው፤ ኋላ ወደ ካናዳ ሄዶ ሞንትሪያል ያስተማረ። ያየውን ጽፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ያየውም በትልቅ ደም ቅዳ ውስጥ አልነበረም፤ በአንድ ሰው የኪንታሮት ደም ስር ውስጥ ነበር። ማሶን እውነተኛ እጢ ነው ብሎ ደመደመ፦ ሕዋሳቱ መጀመሪያ በራሳቸው ተባዙ፣ ከዚያ መሐላቸው ደሙ ረጋ። እ.ኤ.አ. በ1932 ስዊድናዊው ፎልኬ ሄንሼን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። እሱ እንዳለው መጀመሪያ የሚመጣው የደሙ መርጋት ነው፤ ሕዋሳቱ የሚባዙት ለዚያ ምላሽ ለመስጠት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሐኪም የሚቀበለው የሄንሼንን ነው። ክሊርኪንና ኤንዚንገር የተባሉ ሁለት ፓቶሎጂስቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 አሁን የሚሠራበትን ረጅም የሕክምና ስም ሰጡት፤ ስሙ ራሱ እጢ አይለውም፣ የሽፋን ሕዋሳት መባዛት ነው የሚለው። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ማሶንም ሄንሼንም በዓይናቸው ያዩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ፍርዳቸው ግን ተለያየ፤ የፍርዱ ልዩነትም ሕመምተኛው ላይ ይወርዳል። አንዱ በሽታ ሲለው ሌላው የፈውስ መንገድ ይለዋል።

ሲስተር፦ እንግዲያው ጉዳት የሌለው ነገር ነው። ጉዳት ለሌለው ነገር ያን ያህል ድካም ምን ያደርጋል? ቀዶ ሕክምናው አውጥቶታል፣ ሰውየውም ድኗል።

ዶክተር፦ ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ። ጉዳት የለውም የምንለው ካየነው በኋላ ነው እንጂ ከማየታችን በፊት አይደለም። ባልዲ ውስጥ የተጣለ ቁራጭ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ ጉዳት አለውም ማለት አይቻልም፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ በቃ። በደም ቅዳ ውስጥ፣ አኑሪዝም በሚመስል እብጠት ውስጥ፣ አንጂዮሳርኮማ የሚባል አደገኛ ካንሰርም ሊኖር ይችላል። እጅግ ብርቅ ነው፤ ሲኖር ግን ቧንቧው ቢጠገንም በሽታው አይጠገንም፤ በደም ተጉዞ ሳንባና አጥንት ይገባል። ሁለቱ፣ ማሶንና ይህ ካንሰር፣ በማይክሮስኮፕ ይመሳሰላሉ። የሁለቱም ሕዋሳት ከደም ስር ሽፋን የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ቡቃያ ይሠራሉ፣ ሁለቱም በተመሳሳይ ማቅለሚያ ይቀለማሉ። ስለዚህ ስሕተቱ በሁለት በኩል ይመጣል። ያልታየ ካንሰር የረጋ ደም ተብሎ ይጣላል፤ በጥድፊያ የታየ ማሶን ደግሞ ካንሰር ተብሎ ሰው እግሩን ይቆረጣል ወይም የማያስፈልገውን የካንሰር መድኃኒት ይወስዳል። የኋለኛው ስሕተት በሕክምና ጽሑፎች ደጋግሞ የሚነሣ ስጋት ነው፤ ማሶንን የማወቅ ዋና ጥቅሙም ይህን ስሕተት ማስቀረት ነው። በእኛ አገር ሦስተኛም አለ፦ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹን የሚይዘው ካፖሲ ሳርኮማም የደም ስር ሕዋሳት እጢ ነው፤ መለየት ያለበት ከእሱም ነው።

ሲስተር፦ በምን ይለያል?

ዶክተር፦ ከሁሉ በፊት በቦታው። ማሶን አብዛኛውን ጊዜ ከቧንቧው ውስጥ አይወጣም፤ ግድግዳውን አይበላም። ካንሰሩ ድንበር አያውቅም፣ ግድግዳውን ሰርስሮ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ይገባል። ቀጥሎ የሕዋሳቱ ጠባይ ነው፦ ማሶን ላይ እያንዳንዱ ቡቃያ በአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ የተሸፈነ ነው፣ ውስጡም የደረቀ የረጋ ደም ቅሪት ወይም ጠባሳ ነው። ካንሰሩ ላይ ሕዋሳቱ ይደራረባሉ፣ መልካቸው ይዛባል፣ ሲከፋፈሉ በብዛት ይታያሉ፣ መሐላቸውም የሞተ ሥጋ አለ። ይህ ልዩነት የሚታየው ግን ቁራጩ ሙሉ ሲሆን ነው። ከቧንቧው ግድግዳ ተለይቶ የመጣ የተፈረፈረ ነገር ከሆነ ድንበሩን ማየት አይቻልም፤ ድንበሩን ካላየሁ ደግሞ የምሰጠው መልስ ግማሽ መልስ ነው።

ሲስተር፦ አንድ ነገር ግን አይገባኝም። ይህ ሁሉ ችግር ካለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመርፌ ናሙና ለምን አይወሰድም? የአንገት እብጠት ይዞ የመጣ ሁሉ መርፌ ይገባበታል፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል።

ዶክተር፦ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከነገርኩዎት ሁሉ ይህኛው ሕይወት የሚያተርፈው ስለሆነ። በመርፌ ናሙና መውሰድ ለአገራችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ የእጢ ሳንባ ነቀርሳን ያለሱ ለመለየት እንቸገር ነበር። ግን ከልምዱ የተነሣ እብጠት ሁሉ መርፌ የሚገባበት ይመስለናል። በወለጋ ደግሞ እብጠት ሲመጣ የሚጠረጠረው ብዙ ነው። በዲዴሳና በአንገር ሸለቆዎች የሚታወቀው ኦንኮሰርካ የሚባል የትል በሽታ በዳሌና በጉልበት አካባቢ ከቆዳ ሥር እብጠት ያበቅላል፤ ሳንባ ነቀርሳ አለ፣ መግል የቋጠረ እብጠት አለ፣ የስብ እጢ አለ። ከጉልበት ጀርባ ያለውን እብጠት ወጌሻም ሊያሸው ይችላል። አኑሪዝም በዚህ መሐል ይጠፋል። ትርታ ባለው እብጠት ላይ መርፌ መውጋት ወይም በምላጭ መክፈት ደም ማፍሰስ ነው፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ስለዚህ መርፌው ከመነሣቱ በፊት ሁለት ጣት ግራና ቀኝ በእብጠቱ ላይ ይቀመጥ። ልብ በመታ ቁጥር ጣቶቹ ወደ ላይ ብቻ ከተነሡ እብጠቱ ደም ቅዳ ላይ የተቀመጠ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ከተራራቁ ግን የሚሰፋው ራሱ እብጠቱ ነው፣ ይህም አኑሪዝም ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፣ ጤና ጣቢያም ይሠራል። ማስጠንቀቂያው ግን አለው፦ በረጋ ደም ጢም ብሎ የሞላ አኑሪዝም ላይመታ ይችላል፤ ማሶን ሊበቅል የሚችለው ደግሞ እንዲህ ባለው ውስጥ ነው። ለዚህ የደም ፍሰትን የሚያሳይ ዶፕለር ያለው አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። የጉልበት ጀርባ አኑሪዝም ያለበትን ሰው ሌላኛውንም እግር እዩ፤ ግማሽ ያህሉን ሰው በሁለቱም በኩል ነው የሚይዘው፤ ሆዱንም ማየት ይገባል።

ሲስተር፦ ግን ይህ ማሶን የሚሉት እጅግ ብርቅ ነው። ለብርቅ ነገር ብለን በየቀኑ የሚመጣውን እንዳንረሳ እሰጋለሁ።

ዶክተር፦ ብርቅ መሆኑን አልክድም። ከቆዳና ከቆዳ ሥር ከሚበቅሉ የደም ስር እጢዎች መካከል ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህሉ እንደሆነ ይነገራል፤ አብዛኛው የሚገኘውም በጣት፣ በፊትና በአንገት ደም መልሶች ውስጥ ነው። ጃፓናውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1983 የ91 ሰዎችን ናሙና አንድ ላይ መርምረው ሲጽፉ ትልቅ ስብስብ ተብሎ ነበር። በአኑሪዝም ውስጥ የተገኘው ደግሞ አንድ አንድ እየሆነ ነው የሚጻፈው። ግን ልብ ይበሉ፦ ብርቅ ነው የተባለው የተመለከቱ ሰዎች ቆጥረው ነው። ወለጋ ላይ ብርቅ ነው ለማለት ወለጋ ላይ መቁጠር ያስፈልጋል። ብዙ ነው አላልኩም፤ እንደዚያ ብል ማስረጃ የለኝም። ያልታየ ነገር ብርቅ ነውም ብዙ ነውም አይባልም ነው የምለው። ለዚህ ከራሳችን አገር ምሳሌ አለ። የዝሆኔ በሽታ በምዕራብ ኢትዮጵያም በደጋው አካባቢ ብዙ ሰው የሚያሠቃይ ነው። እግር ያበጠው በትንኝ በሚተላለፍ ትል ነው ተብሎ ሊያበቃ ይችል ነበር። ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ግን በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች የንፍፊት እጢ ውስጥ ያለው ነገር እንዲመረመር አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሄንደርሰን ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ በእጢዎቹ ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች መገኘታቸውን አሳዩ። በሽታው ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘ ነው፣ ጫማ ይከላከለዋል የሚለው አስተሳሰብ የተደገፈው ቁራጭ ሥጋ በመመልከት ጭምር ነው። ያ እጢ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በግምት ይቆይ ነበር።

ሲስተር፦ ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ፕራይስ ተመራማሪ ነበር። እኛ ያለነው ነቀምቴ ላይ ነው። ናሙና ለመላክ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጅማ በበደሌ በኩል ነው፤ ከደምቢ ዶሎ የመጣ ሰው ደግሞ መንገዱን አስቀድሞ ጨርሶታል። ገንዘቡን የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው፤ ላም ሸጦ ለቀዶ ሕክምና የመጣ ሰው እንደገና ለማይክሮስኮፕ ክፈል ሲባል ምን ይሰማዋል? ውጤቱም ዘግይቶ ይመጣል፤ ሰውየው በዚያን ጊዜ እርሻው ላይ ነው።

ዶክተር፦ ይህ እውነት ነው፤ ቀላል መልስ አልሰጠውም። ግማሹን እቀበላለሁ። ከአኑሪዝም የሚወጣው የረጋ ደም ሁሉ ይላክ ብል ገንዘብ አባክናለሁ፤ በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ጊዜ ሕክምናውን አይለውጥም። ዕድሜው ገፍቶ፣ ደም ግፊት ኖሮት፣ ሲጋራ አጭሶ የተነፋ ቧንቧ ያለው ሰው የረጋ ደሙ ለስላሳና ንብርብር ከሆነ፣ ሐኪሙ ላለመላክ ቢወስን አልቃወምም። ወጣት ሰው ግን፣ የታወቀ ምክንያት የሌለው፣ ወይም እብጠቱ በወራት ውስጥ ያደገ፣ ወይም ከተጠገነ በኋላ እንደገና ያበጠ፣ ወይም ሲከፈት ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ፣ ሲቆነጠጥ የማይፈረፈር፣ ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ጠንካራ ነገር የተገኘበት ከሆነ፣ እሱን መጣል አይገባም። ትኩሳት ካለ አንዱ ክፍል ለባክቴሪያ ምርመራ ይለይ፤ እሱ ፎርማሊን አይነካውም። በቢላ ወይም በጥይት ቆስሎ የመጣ ወጣትም የራሱ ነገር አለው፦ ያ ሐሰተኛ አኑሪዝም ነው፣ ግድግዳው የቧንቧው ሳይሆን የረጋ ደምና በዙሪያው ያለ ሥጋ ነው፤ ማሶንም ከቧንቧ ውጭ በተቋጠረ የረጋ ደም ውስጥ አልፎ አልፎ ይበቅላል። እዚህ ላይ ድንበሩ ስለሚደበዝዝ ካንሰር ተብሎ የመሳሳት ዕድሉ ከፍ ይላል። የሚመረጡት ጥቂት ናቸው፤ ጥቂቱን መላክ ደግሞ ይቻላል።

ሲስተር፦ መንገዱስ? እዚህ ናሙና የሚያነብ ሰው በሌለበት ጊዜ ሥጋ በአውቶቡስ እየተንገላታ ይደርሳል?

ዶክተር፦ ይደርሳል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የማያምነው ይህን ነው። ለደም ምርመራ ሰዓት ይቆጠራል፤ ለዚህ ግን የሚቆጠረው የመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ነው። ሥጋው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ከገባ፣ መንገዱ ሁለት ቀንም አምስት ቀንም ቢፈጅ አይጎዳውም። የሚጎዳው መዘግየቱና የተሳሳተ ፈሳሽ ነው። ግሉኮስ ወይም ሳላይን ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ከዚህ ሳይወጣ በስብሷል፤ ለእኔ የሚደርሰኝም ቅርፁ የጠፋ ነገር ነው። ፎርማሊኑም ልኩ አለው፦ በገበያ የሚገኘው ጠንካራ ፎርማሊን አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ፤ ከቁራጩም አሥር እጥፍ ይብዛ። ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ወፍራም ቁራጭ መሐሉ ሳይደርሰው እንዳይበሰብስ በስለት ይከፈል። አፈ ጠባብ የመድኃኒት ጠርሙስ አይሆንም፤ ሲገባ ለስላሳ የነበረው ሲወጣ ጠንክሮ ነው፣ አንገቱ ላይ ይሰባበራል። አፈ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ይሁን። ዋጋው ሲታሰብ ከቀዶ ሕክምናው አጠገብ የሚደርስ አይደለም፤ የጎደለው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን ፎርማሊኑ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አለመኖሩ ነው። ውጤቱ የሚዘገይ መሆኑ ደግሞ የስልክ ቁጥር ጉዳይ ነው። ከሕመምተኛው በተጨማሪ የአንድ ዘመድ ስልክ ይያዝ፤ ውጤቱ ሲመጣ የሚደውል ሰው አስቀድሞ ይታወቅ።

ሲስተር፦ ውጤቱ ማሶን ነው ብሎ ቢመጣስ? አዴ እገሊት ቤት ሄጄ እጢ ተገኝቶብሽ ነበር ብላት፣ ካንሰር ነው የምትሰማው። ያልነበረ ፍርሃት አስገባንባት ማለት ነው።

ዶክተር፦ ፍርሃቱ የሚመጣው እጢ የሚለውን አስቀድመው ከተናገሩት ነው። በአፋን ኦሮሞ ሲነግሯት ከመጨረሻው ይጀምሩ፦ ካንሰር አይደለም፣ አልተዛመተም፣ የወጣው ወጥቷል፤ የደም ስርሽ ራሱን ሲጠግን ከልክ አለፈ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ይህን ማለት የሚችሉት ደግሞ የታየ ነገር ሲኖር ነው። ሳይታይ ምንም አይደለም ማለት ተስፋ መስጠት አይደለም፣ ግምት ነው። ማሶን በሙሉ ከወጣ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ በከፊል ከቀረ ወይም ከሥሩ ሌላ የደም ስር እጢ ካለ ግን ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የምንጠይቃት ለቁጥጥር በቀጠሮ ተመልሳ እንድትመጣ ብቻ ነው፤ መምጣትም ያለባት ለቧንቧው ጥገና ሲባል ነው።

ሲስተር፦ እሺ፣ ነገ ከጉልበት ጀርባ እንዲህ ያለ ነገር ወጣ እንበል። ከጠርሙሱ ጋር ምን ይጻፍ? አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የረጋ ደም የሚለው ብቻ ነው።

ዶክተር፦ ያ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ዕድሜና ጾታ፤ ከየትኛው ቧንቧ፣ ከየትኛው እግር፤ እብጠቱ ስንት ወር ኖረ፣ ጉዳት ወይም ትኩሳት ነበረ ወይ፤ የኤች አይ ቪ ሁኔታው ከታወቀ፤ አልትራሳውንዱ ምን አለ፤ ሐኪሙ ሲከፍተው ምን አየ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ ነበር ወይስ ልቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የረጋውን ደም ብቻ አትላኩልኝ። ሐኪሙ ግድግዳውን ሲያስተካክል የሚቆርጠው ቅንጣቢ አለ፤ እሱም አብሮ ይምጣ። ቡቃያው ግድግዳውን አልፎ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን የምመልሰው ከዚያች ቅንጣቢ ነው። በውጭ በኩል ባለው ጎኗ ላይ አንድ ክር ስፉባት፤ የትኛው ውጭ፣ የትኛው ውስጥ እንደሆነ እንዳውቅ።